የአንኮበሩ ባለ ሁለት አፈሙዝ፦ የጥገና ማስታወሻ

መስከረም፣ ከመስቀል በፊት

ጠመንጃው የአጎቴ ነው። አንኮበር ባለው የአያቶቻችን ቤት፣ በጭስ በጠቆረ ማገር ላይ በጠፍር ተንጠልጥሎ ኖሮ ቤቱ ሲታደስ ወረደ። ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ ነው። ባሩዱም እርሳሱም ከአፉ ይገባል፤ ከኋላ ካፕሱል የሚጠለቅባት ትንሽ የብረት ጡት አለች፤ መዶሻው ካፕሱሉን ሲመታ እሳቱ በጡቷ ቀዳዳ ወደ ባሩዱ ይገባል። ከኋላ የሚጎርሱትን ውጅግራና ምንሽር በየዘመዱ ቤት አይቻለሁ፤ ከአፉ የሚጎርስ ግን በእጄ ስይዝ የመጀመሪያዬ ነው።

ከመሣሪያው በፊት ወረቀቱ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። «አሮጌ ነው፣ አይሠራም» ብሎ በጆንያ ጠቅልሎ አውቶቡስ ላይ መጫን ለአጎቴም ለእኔም አይበጅም። አጎቴ ወረዳው ፖሊስ ዘንድ ቀርበው አስመዘገቡ፤ ለጥገና ወደ ደብረ ብርሃን እንደሚመጣና ወደ መተኮስ እንደማይመለስ የሚገልጽ ደብዳቤም ተጻፈላቸው። እኔ የእንጨትና የብረት ሥራ ቤት ስላለኝ ሥራው ለእኔ ደረሰ።

በቤተሰቡ ውስጥ ሁለት ፍላጎት አለ። አጎቴ መሣሪያው ከዝገትና ከነቀዝ ተርፎ በመስታወት ሣጥን ውስጥ እንዲቀመጥ ይፈልጋሉ። ታላቁ ልጃቸው ደግሞ በበርሜሎቹ ውስጥ ጠመዝማዛ ቦይ ወጥቶላቸው፣ በጥቁር ባሩድ አንድ አንድ እርሳስ አርቆ የሚመታ ጠመንጃ እንዲሆንለት ይለምናል። ለእሱ ጥያቄ መልስ የምሰጠው ብረቱን ከለካሁ በኋላ ነው።

ሲደርስ የነበረበት ሁኔታ፦ በርሜሎቹ 76 ሴንቲ ሜትር ናቸው። ከአፋቸው አካባቢና ከሥር በኩል ቀይ ዝገት አለ። የግራው መዶሻ ላላ ብሎ ይወዛወዛል። የመወልወያው ዘንግ የለም። የሰደፉ የታችኛው ጥግ ተሰብሮ ጠፍቷል። ሰደፉ ከበርሜሉ ጋር የሚገናኝበት ቀጭን አንገት ተሰንጥቆ በጥሬ ቆዳ ተሰፍቷል። እንጨቱ በሙሉ በጥላሸትና በቅባት ተለብጧል።

መስከረም፣ ጎርሷል ወይስ አልጎረሰም?

ከአፉ የሚጎርስ አሮጌ መሣሪያ ያገኘ ሰው መጥረጊያ ከማንሣቱ በፊት ይህን ማወቅ አለበት። ባሩድ ካልረጠበ በዕድሜ ብዛት ኃይሉን አያጣም። መቶ ዓመት የተቀመጠ ጉርሻ እሳት ካገኘ ይተኩሳል፤ ስለዚህ ከማሞቅም፣ ከመቀጥቀጥም፣ በመብሻ ከመንካትም በፊት መለካት ግድ ነው።

አለካኩ ቀላል ነው። ቀጭን የቀርከሃ ዘንግ በአፉ እስኪቆም ድረስ ይገባል፤ በአፉ ጠርዝ ላይ ምልክት ይደረግበታል፤ ከዚያ ወጥቶ በበርሜሉ ውጭ ጎን ተጋድሞ ጫፉ የት እንደደረሰ ይታያል። በቀኙ በርሜል ዘንጉ እስከ ጡቷ ሥር ደረሰ። በግራው ግን 9 ሴንቲ ሜትር ያህል ቀድሞ ቆመ። የቀኙ ብረት ለብረት ሲነካ የሚሰማ ጥርት ያለ ድምፅ ነበረው፤ የግራው ድፍን ነበር። ጎርሷል።

ሥራው ያን ጊዜ ቆመ። ልጆቹን ከግቢው አስወጣሁ፤ አፈሙዙን ወደ አፈር ቁልል አዙሬ ለፖሊስ ደወልኩ። ፈንጂ የሚያውቅ ባልደረባ ተላከ። ጡቶቹ ላይ ካፕሱል አለመኖሩን አረጋግጦ፣ በርሜሉ በአፉ በኩል ውኃ እንዲሞላና ቆሞ እንዲሰነብት አዘዘ። ባሩድን የሚያነድደው ጨው ውኃ ውስጥ ይሟሟል፤ ጨው የሌለው ባሩድ ደግሞ የከሰልና የድኝ ጭቃ ነው። ውኃውን በየዕለቱ እየቀየርን ቆየን። የተደፋውን ውኃ በሰፊ ሳህን ላይ ፀሐይ ስናስመታው፣ ከሥሩ መርፌ መሰል ነጫጭ ቅንጣቶች ቀሩ።

ባለሙያው ተመልሶ መጥቶ፣ ጫፉ በተጠማዘዘ ጠንካራ ሽቦ ራሱ አወጣው። መጀመሪያ የወጣው በእጅ የተፈተለ የጥጥ ጨርቅ ነው፤ ድሩና ማጉ እስከ ዛሬ ይቆጠራል። ቀጥሎ እርሳስ መጣ፤ ክብ ጥይት ሳይሆን በቢላዋ የተከተፈ፣ ማዕዘን ያለው፣ የስለቱ ምልክት የሚታይበት ቁርጥራጭ ነው። ከሥሩ የቃጫ ውትፍ፣ ከዚያ ጥቁር ጭቃ። ባሩዱንና እርሳሱን ፖሊስ ወሰደ፤ ጨርቁን ለእኛ ተወልን። አድርቄ በወረቀት ኤንቨሎፕ ውስጥ አኑሬዋለሁ፤ ከመሣሪያው ጋር ይቀመጣል። አንድ ሰው ለሆነ ነገር ተዘጋጅቶ ይህን በርሜል ሞልቶታል፤ ሳይተኩሰው ቀረ።

ጥቅምት፣ ምልክቶቹ

በርሜሎቹን ከእንጨቱ ለይቼ ከሥር ያለውን ቆሻሻ በላምባና በለስላሳ የነሐስ ብሩሽ አጠብኩ። በርሜሎቹ ከኋላ በኩል በሚነቀል መንጠቆ፣ ከፊት ደግሞ እንጨቱን አቋርጣ በምታልፍ ትንሽ የብረት ሽብልቅ ብቻ ይያዛሉ። ሽብልቋን በመዶሻ ሳይሆን በእንጨት ዘንግ ቀስ ብሎ መግፋት ይበቃል።

ከሥር ሦስት ነገሮች ተገኙ። አንደኛው በእንቁላል ቅርጽ ክብ ውስጥ የተመታ ኢ፣ ኤል፣ ጂ የሚል የላቲን ፊደልና ከሥሩ ኮከብ ነው። ይህ የቤልጅግ ከተማ የሊዬዥ የፈተና ማኅተም ነው፤ መሣሪያው ከመሸጡ በፊት በብዙ ባሩድ ተፈትኖ ማለፉን ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. ከ1893 ጀምሮ በክቡ አናት ላይ ዘውድ ተጨምሯል፤ እዚህ ላይ ዘውድ ስለሌለ መሣሪያው ከዚያ በፊት የተሠራ ነው። ሁለተኛው ዘውድ የተደፋባት አንዲት ፊደል ናት፤ የተቆጣጣሪው የግል ምልክት ነው። ተቆጣጣሪዎች ይህን ዓይነት የተጠቀሙት እ.ኤ.አ. ከ1853 እስከ 1877 ነው፤ ከዚያ በኋላ ዘውዱ በኮከብ ተተካ። ሦስተኛው 16.8 የሚል ቁጥር ነው፤ የበርሜሉ የውስጥ ስፋት በሚሊ ሜትር።

ይህ የቤተሰቡን ታሪክ ይነካል። አያቶቻችን «ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የሸለሙት ነው» ይሉ ነበር። ነገሩ ከመሬት የተነሣ አይደለም፤ በካፒቴን ሃሪስ የተመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1841 አንኮበር ሲገባ ለንጉሡ ካመጣው ገጸ በረከት ውስጥ ጠመንጃ ነበረበት። ሣህለ ሥላሴ ግን ያረፉት እ.ኤ.አ. በ1847 ነው፤ የዚህ መሣሪያ ማኅተም ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው የሸዋ ንጉሥ የሆኑት እ.ኤ.አ. በ1865 ስለሆነ፣ ዘመኑ ለእሳቸው ይቀርባል። ይህን በስልክ ለአጎቴ ስነግራቸው ዝም ብለው ቆዩና «እንግዲያውስ የታየው ይጻፍ» አሉኝ። የሚጻፈውም የተሠራበት ቦታና ዘመን ብቻ ነው። ማኅተም መሣሪያው መቼና በማን እጅ ሸዋ እንደገባ አይናገርም፤ አውሮፓ አዲስ ጠመንጃ በታጠቀ ቁጥር አሮጌው በቀይ ባሕር በኩል ወደ እኛ ሲጎርፍ ኖሯል።

ከላምባው መታጠቢያ በኋላ በብረቱ ላይ ተደጋጋሚ ጥምዝ መስመር ብቅ አለ። የደማስቆ በርሜል ነው። እንዲህ ያለው በርሜል ከአንድ ድፍን ብረት አይበሳም፤ የብረትና የአረብ ብረት ልጦች ተጠማዘው፣ በዘንግ ላይ ተጠምጥመው፣ በእሳትና በመዶሻ ተበይደው ይሠራሉ። በመዶሻ ሥራ ያደገ ሰው ይህን ሲያይ እጁን ያነሣል። ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው በጥፍር የሚሰማ አንድ ክፍተት አላገኘሁም።

ጥቅምት፣ ብሎኖችና ሞላዎች

የአሮጌ ጠመንጃ ብሎን ጭንቅላቱ ላይ ያለው ቀጭን ስንጥቅ የገበያ ካቻቪቴ አይገባበትም። ወፍራም ካቻቪቴ ይንሸራተትና ጭንቅላቱን ይልጣል፤ ያ ጉዳት አይመለስም። ስለዚህ ርካሽ ካቻቪቴዎች ገዝቼ ጫፋቸውን በሞረድ ለእያንዳንዱ ብሎን ልክ አስተካከልኩ። ጊዜ ይበላል፤ ግን አንድም ብሎን አልተላጠም።

እንቢ ላሉት ላምባና ቀጭን ዘይት እኩል ቀላቅዬ ጠብ እያደረግሁ ተውኳቸው። በሥራ ቤቴ የሚረዳኝ ልጅ በጋዝ ነበልባል እናሙቀው አለ። በመኪና ላይ የሚሠራ ዘዴ ነው፤ እዚህ አይሆንም። ሁለቱ በርሜሎችና በመሃላቸው ያለው ቀጭን ብረት የተያያዙት በስታኞ ነው። የእርሳስና የቆርቆሮ ስታኞ ከ183 ዲግሪ ጀምሮ ይለሰልሳል፤ ነበልባል ከነካው መሃሉ ይለቃል። የቀኟ ጡት በዘይት ብቻ ተፈታች። የግራዋ አልተፈታችም፤ በቦታዋ ትቆያለች።

የመዶሻ ቤቶቹን ከጎን ሳወጣ የግራው ዋና ሞላ ለሁለት ተሰብሮ ተገኘ። የቪ ቅርጽ ያለው ጠፍጣፋ ሞላ ነው፤ መታጠፊያው ላይ ነው የተሰበረው። ከመኪና ሞላ ቆርጦ፣ አሙቆ፣ በዘይት አቀዝቅዞ፣ መልሶ አሙቆ አዲስ መሥራት ይቻላል። አልሠራሁም። የማይተኩስ መሣሪያ ሞላ አያሻውም፤ አዲስ ብረት በአሮጌ ቤት ውስጥ ማስገባት ደግሞ በኋላ የሚመረምረውን ሰው ያሳስታል። እንዲያውም የቀኙንም ጤነኛ ሞላ በትንሽ ማሰሪያ ጨምቄ አወጣሁት። ሁለቱም በሰም ወረቀት ተጠቅልለው፣ «ግራ» እና «ቀኝ» ተብሎ ተጽፎባቸው ለብቻ ይቀመጣሉ። መዶሻዎቹ አሁን በእጅ ይነሣሉ፤ መምታት ግን አይችሉም። ለፖሊስ የገባነው ቃልም በዚህ ተፈጸመ፤ አንድም ቦታ አልተቆረጠም፣ አልተበሳም።

ኅዳር፣ ዝገት

በዚህ ላይ ምክር ያልሰጠኝ የለም። ኮምጣጤ ውስጥ ዘፍዝፈው፣ በግራይንደርና በሽቦ ጎማ ላጨው፣ በባትሪ ቻርጀርና በሶዳ ውኃ አጽዳው። ሁሉም ዝገት ያነሣሉ። ሁሉም ግን ዝገቱን ብቻ አይደለም የሚያነሡት። ኮምጣጤ ጤነኛውንም ብረት ይበላል። የሽቦ ጎማ የማኅተሞቹን ጠርዝ ያደበዝዛል። የባትሪው ዘዴ ቀዩንም፣ ብረቱን ሲጠብቅ የኖረውን ጥቁር ቡናማ ሽፋንም አንድ ላይ ያረግፋል። ኮስቲክ ሶዳ ደግሞ ስታኞውን ይበላል።

መለየት የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ ቀይና ዱቄት የሚሆነው ዝገት አሁንም እየበላ ነው፤ ጥቁር ቡናማ፣ ጠንካራና ለስላሳ የሆነው ቆሟል። የመጀመሪያውን ማስቆም፣ ሁለተኛውን መተው።

በፈላ ውኃ ሞከርኩ። ቀይ ዝገት በንጹሕ ፈላ ውኃ ውስጥ ሲቆይ ወደ ጥቁር የብረት ኦክሳይድ ይለወጣል፤ ጥቁሩ በብረቱ ላይ ተጣብቆ ይጠብቀዋል፤ ልቅ የሆነው በብሩሽ ይነሣል። ቆርቆሮ ሠሪ ዘንድ 90 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ገንዳ በ900 ብር አሠራሁ። የቧንቧ ውኃ ማዕድን ስላለው ነጭ ምልክት ይተዋል፤ ክረምቱን በሮቶ ያጠራቀምኩትን የዝናብ ውኃ ተጠቀምኩ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውኃ እዚህ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ለስታኞው ከበቂ በላይ ደኅና ነው፤ ዝገቱን ለመለወጥ ግን ከቆላው ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል።

ከመፍላቱ በፊት በርሜሎቹን በገመድ አንጠልጥዬ በእንጨት እጀታ መታ አደረግኋቸው። ስታኞው ሙሉ ከሆነ እንደ ደወል ጥርት ብሎ ይጮኻል። የእኛው ከኋላ በኩል ጮኸ፤ ወደ አፉ ሲቀርብ ዝርግርግ አለ። የመሃሉ ብረት ከአፉ በኩል አንድ ስንዝር ያህል ለቋል ማለት ነው። በለቀቀው ሥር ውኃ ገብቶ ከቀረ ከውስጥ ይበላል፤ ስለዚህ ያን ጫፍ ከገንዳው ውጭ አድርጌ ሌላውን ብቻ አፈላሁ። አፉን በላምባና በቀንድ ፍቂ በእጅ አጸዳሁት። ቀንድ ብረት አይቧጭርም፤ ልቅ ዝገት ግን በሚገባ ያነሣል።

ከመጀመሪያው ፍላት በኋላ ቀዩ ወደ ወይን ጠጅ ጠቆረ። በለስላሳ ብሩሽ ጠርጎ እንደገና ማፍላት፣ እንደገና መጥረግ። በመጨረሻ የደማስቆው ጥምዝ በጥቁርና በግራጫ መካከል ቁልጭ ብሎ ወጣ። አሲድ ሳይነካው የወጣ ስለሆነ ደስ ብሎኛል። በርሜሎቹን በፀሐይና በፀጉር ማድረቂያ አድርቄ የስፌት መኪና ዘይት ቀባኋቸው። ውስጣቸውን በዘንግ ላይ በተጠቀለለ ጨርቅ እስኪነጣ ድረስ ወለወልኩ። በእጅ ባትሪ ስመለከት ከኋላ በኩል ጉድጓዳ ጉድጓድ ነው። ባሩድ ከተተኮሰ በኋላ የሚቀረው አመድ እርጥበት ይስባል፤ አንኮበር ላይ ጉም ከገደሉ ሥር እየወጣ ቤት ድረስ ይገባል። የዚያ ውጤት ነው።

ኅዳር፣ ለአጎቴ ልጅ መልስ

መጥቶ አብረን ለካን። በአፉ በኩል የበርሜሉ የውጭ ስፋት 20 ሚሊ ሜትር፣ የውስጡ 16.8 ነው። የግድግዳው ውፍረት 1.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ውስጡን ከጉድጓዳ ጉድጓዱ ለማጽዳት ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢፋቅ፣ ከዚያ ላይ ቦይ ቢወጣበት፣ የሚቀረው አንድ ሚሊ ሜትር የማይሞላ ብረት ነው። ብረቱም የተበየደ ልጥ ነው፤ በየብየዳው መሃል የተደበቀ ዝገት ሊኖር ይችላል፤ ያን ከውጭ የሚያይ ዓይን የለም።

ሁለተኛው ጉዳይ ጫና ነው። ይህ በርሜል የተሠራው ልል ብሎ ለሚወጣ ፍንጥርጣሪ፣ ማለት ለብዙ ደቃቅ የእርሳስ ፍሬ ነው። በ16.8 ሚሊ ሜትር በርሜል ልክ የሚገባ ክብ እርሳስ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከአንድ ፓውንድ እርሳስ 16 ስለሚወጣ መጠኑ «16» ይባላል። ይህ እርሳስ ቦይ ውስጥ ተጠብቆ ሲገፋ ባሩዱ የሚያገኘው ተቃውሞ ከፍ ይላል። ቀጭን ግድግዳ፣ ያረጀ ብየዳ፣ ከፍ ያለ ጫና፤ ፊት የሚቀርበው ደግሞ የተኳሹ ግራ እጅ ነው።

«አዲስ የብረት ቱቦ ውስጡ ቢገባስ?» አለ። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ በሌላ አገር ፈቃድ ያላቸው ሠሪዎች ይሠሩታል። ግን ከዚያ በኋላ ሌላ ችግር ይመጣል። የሁለቱ በርሜሎች አፎች አንዱ ወደ ሌላው በትንሹ ዘንበል ብለው የተበየዱት የሁለቱ ፍንጥርጣሪ በአደን ርቀት አንድ ቦታ እንዲያርፍ ነው። አንድ አንድ እርሳስ ቢተኩሱ ከዚያ ርቀት ባሻገር የቀኙ ወደ ግራ፣ የግራው ወደ ቀኝ ይሻገራል። ለማስተካከል ስታኞውን አቅልጦ በርሜሎቹን መለያየትና እንደገና ማያያዝ ያስፈልጋል። ያን ጊዜ ከአያቶቻችን የወረስነው መሣሪያ የለም፤ በአሮጌ እንጨት ላይ የተቀመጠ አዲስ ጠመንጃ ነው ያለው።

ልጁ ብረት ይወዳል፤ ካሊፐሩን ከእጄ ወስዶ በየቦታው ደጋግሞ ለካ። ከዚያ በኋላ ጉዳዩን አላነሣም። ይልቁንም የመወልወያውን ዘንግ እሱ እንዲሠራ ጠየቀኝ።

ታኅሣሥ፣ እንጨቱ

እንጨቱ የአውሮፓ ዋልነት ነው። ጥላሸቱን ለማንሣት አኳራጅ በጥጥ ነክሬ፣ ትንሽ ቦታ በትንሽ ቦታ ጠራረግሁ። የብርጭቆ ወረቀት አላስነካሁም። በአንገቱ ላይ በቢላዋ የተቆረጡ ደቃቅ መስመሮች ተደርድረው ወጡ፤ ሰው የቆጠረው ነገር ነው። ምን እንደተቆጠረ አጎቴም አያውቁም። በብርጭቆ ወረቀት ቢታሽ ኖሮ በአንድ ሰዓት ይጠፉ ነበር።

ከሁሉ ያሰብኩበት ጥሬ ቆዳው ነው። አንገቱ ሲሰነጠቅ አንድ ሰው እርጥብ የበሬ ቆዳ ጠቅልሎ፣ ከሥር በኩል በጅማት ሰፍቶ፣ እንዲደርቅ ተወው። ቆዳ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ስንጥቁን እስከ ዛሬ አጥብቆ ይዞታል። አንዱ የጥገና መንገድ ቆዳውን ቀዶ፣ ስንጥቁን በኮላ ሞልቶ፣ አዲስ እንዲመስል ማድረግ ነው። እኔ እንደማስበው ግን ይህ ስፌት የመሣሪያው ዋና ክፍል ነው። በርሜሉ የሊዬዥ ነው፤ ስፌቱ የእኛ ነው። የሰፊው እጅ እኩል እኩል ነው የሄደው፤ በመታጠፊያው ላይ ብቻ ሁለት ጊዜ ደራርቦ ወግቷል፤ ጉልበቱ የት እንደሚያርፍ ያውቃል። ቆዳው እንዲቆይ ወሰንኩ፤ አጎቴም ተስማሙ። በደረቅ ብሩሽ ከአቧራው ብቻ አጸዳሁት። ቅቤም ዘይትም አልቀባሁትም፤ ከለሰለሰ ይለቃል።

ለተሰበረው የሰደፍ ጥግ ከአሮጌ የኮሶ በር የተረፈ ቁራጭ ከጎረቤት አናጢ በ200 ብር ገዛሁ። ኮሶ ቀለሙ ወደ ቀይ ቡናማ ስለሚሄድ ለዋልነት ይቀርባል፤ በር ሆኖ ለብዙ ዘመን ስለደረቀ ደግሞ አይጣመምም። ወይራ በጣም ይከብዳል፣ ይጠነክራል፤ ጽድ በቀላሉ ይሰነጠቃል። የተሰበረውን ፊት አልፋቅሁትም፤ የኮሶውን ፊት እየፋቅሁ በስብራቱ ልክ አስገባሁት። ለማመሳከር የስብራቱን ፊት በከሰል ቀባሁት፤ ጥቁር የነካውን ቦታ ብቻ መቀነስ፣ እንደገና ማስጠጋት።

በነጭ ኮላ ማጣበቅ ይቀላል፤ ነጭ ኮላ ግን ከደረቀ በኋላ እንጨቱን ሳይጎዳ በቀላሉ አይለቅም። የቆዳ ኮላ በሞቀ ውኃ ይለቃል፤ ወደፊት የተሻለ ባለሙያ ቢመጣ የእኔን ሥራ ነቅሎ መጣል ይችላል። የጥሬ ቆዳ ቁርጥራጭ ዘፍዝፌ በውኃ በተከበበ ድስት ቀቅዬ አጠለልኩት። ከ60 ዲግሪ ብዙ ካለፈ ኃይሉን ያጣል። የመጀመሪያው ድስት ሳይያያዝ ቀረ፤ ታኅሣሥ ነውና እንጨቱ በራሱ በረዶ ነበር፣ ኮላው ገና ሲነካው ረጋ። ሁለቱንም ፊት በፀሐይ ካሞቅን በኋላ በሞርሳ ሲጠበቅ ያዘ።

ጥር፣ የተልባ ዘይት

ተልባ ከመንዝ ሲመጣ በየገበያው አለ። በአካባቢው መጭመቂያ የተጨመቀ ጥሬ ዘይት ገዛሁ፤ ለእንጨት ከቫርኒሽ ይሻላል፤ ውስጥ ገብቶ ይደርቃል፣ አይላጥም። ችግሩ ጥሬ የተልባ ዘይት የሚደርቀው አየር እየሳበ ስለሆነ ቅዝቃዜ ያዘገየዋል። ሌሊት ውርጭ በሚወርድበት በደብረ ብርሃን ጥር፣ የመጀመሪያው ቅብ ለረጅም ጊዜ እጅ ላይ ይጣበቅ ነበር። ወፍራም ስለነበረም ነው። በአኳራጅ አቅጥኜ፣ በጨርቅ በስሱ ቀብቼ፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ የተረፈውን ጠርጌ፣ ቀን ቀን በፀሐይ መስኮት ሥር ሳስቀምጠው በደንብ ደረቀ። አዲሱ የኮሶ ጥግ መጀመሪያ ፈክቶ ነበር፤ ጠንካራ ሻይ ቀብቼ ከዘይቱ በፊት አጠቆርኩት። ሙሉ በሙሉ እንዲመሳሰል አልፈለግሁም፤ ከቅርብ ያየ ሰው አዲስ መሆኑን እንዲያውቅ ነው የተውኩት።

ለማንም የእንጨት ሠራተኛ የምለው ነገር አለ። የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጠቅልሎ ጥግ ላይ አይጣልም። ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፤ ከተጨመቀ ሙቀቱ መውጫ ያጣና ራሱን በራሱ ያቀጣጥላል። በገመድ ላይ ዘርግቶ ማድረቅ ወይም በውኃ ዘፍዝፎ መጣል ነው። ሥራ ቤቴ መጋዝ ብናኝ የሞላበት ነው፤ ይህን ሳላየው አልተኛም።

የካቲት፣ መገጣጠም

በርሜሎቹን ከዘይቱ አጽድቼ፣ ነጭ ሻማ በአኳራጅ ውስጥ አሟሙቼ በስሱ ቀባኋቸው። ንብ ሰም መዓዛው ጥሩ ነው፣ ለእንጨቱም ተጠቅሜበታለሁ፤ ግን ጥቂት አሲድነት ስላለው ለብረት አልመረጥኩትም። የለቀቀውን የመሃል ብረት አላስበየድኩትም። በሥሩ የሻማውን ቅልቅል አፍስሼ እርጥበት እንዳይገባ ዘግቻለሁ፤ ብረቱን መልሶ መበየድ የሚችል ሰው ካገኘን ቅልቅሉ በሙቀት ሳይሆን በአኳራጅ ታጥቦ ይወጣል።

የአጎቴ ልጅ የሠራው የመወልወያ ዘንግ ከወይራ ነው። መጀመሪያ ያመጣው ዘንጉ ከበርሜሎቹ ሥር ለሚያልፍባቸው ቀለበቶች ወፍራም ሆኖ በኃይል ቢገባ እንጨቱን ይሰነጥቅ ነበር፤ በመስታወት ስባሪ ፍቆ አቀጠነው። ጫፉ ላይ የተሠራበትን ዓመት በትንሹ ቀርጾበታል፤ ከመሣሪያው ጋር የነበረ እንዳይመስል።

ወጪው፦ ገንዳው 900፣ የኮሶው ቁራጭ 200፣ ካቻቪቴዎችና ብሩሾች 750፣ ላምባ፣ አኳራጅና ዘይት አንድ ላይ 1,100 ብር፤ ሣጥኑ ከመስታወቱ ጋር 4,800 ብር። ቆዳውን፣ ሻይውንና ሻማውን ከቤት ነው ያገኘነው። የሣጥኑ ጀርባ ከግድግዳው በሁለት ጣት እንዲርቅ አድርጌ ሠርቼዋለሁ፤ የአንኮበር ግድግዳ በክረምት ያልባል፣ ከኋላው አየር ካልተላለፈ እርጥበቱ ሣጥኑ ውስጥ ይገባል። መሣሪያው የሚያርፍባቸው ሁለት ሹካዎች በሱፍ ብርድ ልብስ ቁራጭ ተለብጠዋል። በቁልፍ ይዘጋል፤ ቁልፉ አጎቴ ጋር ነው።

ገና ያልተሠራ፦ የግራው መዶሻ መወዛወዙ አልቆመም፤ መሃሉ ላይ ያለው ማዕዘን ተበልቷል፤ ቀጭን የነሐስ ልጥ ላስገባበት ወይስ እንዳለ ልተወው እያልኩ እያመዛዘንኩ ነው። የግራዋን ጡት በየወሩ ዘይት ጠብ እያደረግሁ እጠብቃታለሁ፤ ካልተፈታች በቦታዋ ትቀራለች። ሰኔ ከመግባቱ በፊት ሣጥኑ ተከፍቶ በርሜሎቹ አዲስ የሻማ ቅብ ያገኛሉ፤ በነሐሴ ጉሙ ሲከብድ በተለይ የአፉ ጫፍ ይታያል። ቀይ ነጥብ ካለ በቀንድ ፍቂና በላምባ፣ ከዚያ በላይ ምንም አይነካውም። ይህን መመሪያ በአንድ ገጽ ጽፌ በሣጥኑ ታች ባለው መሳቢያ ውስጥ ከሞላዎቹ፣ ከጨርቁና ከፖሊሱ ደብዳቤ ቅጂ ጋር አስቀምጫለሁ።